ሃምስተር ሲያረጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጆቼ «ውሻ ግዢልን» እያሉ ሁለት ዓመት ነዘነዙኝና በመጨረሻ በሃምስተር፣ አይጥ በምትመስል ትንሽ የቤት እንስሳ፣ ታረቅን። ቀለሙን አይተው ሽምብራ አሉት። እናቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ልትጠይቀን ስትመጣ «አይጥ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል?» ብላ ስቃ ልትሞት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ማታ ማታ «ሽምብራዬ፣ ተነሣህ?» እያለች ካሮት የምታቀብለው እሷ ሆና አረፈች።

ሽምብራ አሁን ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። የሶርያ ሃምስተር የሚባለው ትልቁ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይኖራል፤ ድንክዬዎቹ ከዚያም ያንሳሉ። ስለዚህ አንድ ዓመት ተኩል ካለፈው ሽማግሌ ነው ብላችሁ ያዙት። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ።

የመጀመሪያው «አርጅቶ ነው» ብሎ መተው ነው።

አዎ፣ ሽማግሌ ሃምስተር ብዙ ይተኛል፣ ቀስ ይላል፣ ፀጉሩም ይሳሳል። ይሄ እርጅና ነው። ነገር ግን እየከሳ ከሄደ፣ ጀርባው ከጎበጠ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ቆዳው ተመልጦ የሚያክከው ከሆነ ይሄ እርጅና ሳይሆን በሽታ ነው፤ ብዙዎቹም መድኃኒት አላቸው። ለምሳሌ ያረጁ ሃምስተሮች ፀጉር የሚረግፈው ብዙ ጊዜ ቆዳ ውስጥ በሚኖሩ በዓይን በማይታዩ ተባዮች ነው። ሴቷ ላይ ደግሞ ከማህፀኗ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካያችሁ የማህፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። ተቅማጥም እንደዚያው፣ በዚያች ሚጢጢ ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ በአንድ ቀን ያልቃል። ችግሩ ሃምስተር በተፈጥሮው የሌላ እንስሳ ምግብ ስለሆነ ሕመሙን መደበቅ ያውቅበታል፤ እናንተ ስታዩት ነገሩ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። (በተቃራኒው በሁለቱም ጎኑ ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አይታችሁ ካንሰር ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ሽታ የሚያወጣበት እጢ ነው፣ በተፈጥሮው ያለው ነው። እኔ በሱ ሰበብ አንድ ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ።)

ሁለተኛው፣ ሳህኑ ባዶ ከሆነ በልቷል ብሎ ማሰብ።

እኛ ቤት ትልቁ ጥፋት ይሄ ነበር። ሃምስተር ምግቡን ጉንጩ ውስጥ ሞልቶ ይወስድና ይደብቃል። ሽምብራ ሳህኑን በየማታው ያጸዳል፣ እኛም ደስ ይለናል፣ በየማታው እንሞላለን። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ጎጆውን ስታጸዳ ጥግ ላይ የሁለት ሳምንት ቀለብ ሳይነካ ተከምሮ አገኘች። አፉን ከፍተን ስናይ የታች የፊት ጥርሶቹ አድገው ወደ ላይ ታጥፈዋል። የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ነው የሚያድገው፤ ሲያረጁ ጠንካራ ነገር መቆርጠም ስለሚቀንሱ መፋቁ ይቀርና ይረዝማል። ልጁ እየራበው ነበር እኮ! ሐኪሙ በደቂቃ አስተካከለው። በጥፍር መቁረጫ ቤት ውስጥ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፣ ተዉት፣ ጥርሱ እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቢጫ መሆኑ ግን አያሳስባችሁ፣ መልኩ ነው።

መፍትሔው ሚዛን ነው። የኩሽና ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡና በሳምንት አንዴ፣ በዚያው ቀን፣ መዝኑት፣ ጻፉት። ከ140 ግራም ወደ 125 ከወረደ ለዓይን ምንም አይታይም፣ ለሱ ግን ከሰውነቱ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ነው። እናቴ አገር ቤት ከተመለሰች ወዲህ እሑድ ስትደውል «ስንት ኪሎ ሆነ?» ትላለች። ኪሎ አይደለም እማዬ፣ ግራም ነው።

ምግቡ ላይ ደግሞ ስንት ስህተት አለ መሰላችሁ።

የሚጣፍጠውን ብቻ እንዲመርጥ መተው አንዱ ነው። የተቀላቀለ ጥራጥሬ ስትሰጡት የሱፍ ፍሬውን ለቅሞ ሌላውን ይተዋል። ሱፍ ቅባት ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሽማግሌ ደግሞ ይወፍርበታል። ሁሉም ነገር ተፈጭቶ አንድ ላይ የተጠፈጠፈውን ፔሌት ዋናው ምግብ አድርጉት፣ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃዋል፤ ሱፍ እንደ ከረሜላ አልፎ አልፎ። ጥርሱ ከደከመ ፔሌቱን ለብ ባለ ውሃ አርሱለት፣ እንደ ገንፎ ይሆናል። ጨውም ዘይትም ያልነካው የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዶሮ የጥፍር ያህል ጣል ማድረግ ይቻላል። እርጥብ ምግብ ግን ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቀመጥ፣ ደብቆት ይሻግታል።

«አንድ ጉርሻ ምን ያደርገዋል» የምትሉ ሰዎች፣ አውቃችኋለሁ፣ ከናንተው ነኝ። ወጥ የለም። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጨውና በርበሬው ሁሉ ለሱ መጥፎ ነው። ቸኮሌት በፍጹም። ብርቱካንና ሎሚም ይቅሩ። የሚያጣብቅ ነገር ደግሞ የጉንጩ ከረጢት ውስጥ ተለጥፎ ይመግላል።

ድንክዬ ሃምስተር ካላችሁ ስለ ፍራፍሬ ሁለቴ አስቡ። እነሱ፣ በተለይ ካምቤል የሚባለው ዝርያና ድቅሎቹ፣ በስኳር በሽታ ይጠቃሉ። ሙዝና ወይን ለነሱ ኬክ በሉት፤ ካሮት እንኳ ጣፋጭ ስለሆነ ቀነስ ይደረግ። ኪያርና ብሮኮሊ ይሻላሉ። የውሃ ጠርሙሱን ቶሎ ቶሎ መሙላት ከጀመራችሁና ጎጆው ሁልጊዜ ሽንት በሽንት ከሆነ ይመርመር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ አሞክሳሲሊን።

የኛ ሰው መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። ልጅ ሲያስነጥስ ከዚያ ነው፣ ጥርስ ሲያም ከዚያ ነው። ሽምብራ ያስነጠሰው ጊዜ እኔም ካፕሱሉን ከፍቼ ትንሽ በውሃ ልበጠብጥለት ነበር፤ ከዚያ በፊት ስልክ ደውዬ በመጠየቄ ተረፈ። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን ሃምስተርን ይገድላሉ። አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ደህናዎቹን ባክቴሪያዎች ይጨርሱና መርዝ የሚያመነጩት ሜዳውን ይይዙታል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ በተቅማጥ ያልቃል። ሐኪም ለሃምስተር የሚያዝዛቸው ሌሎች አንቲባዮቲኮች አሉ፣ መጠናቸውም በጠብታ ነው። ከሰው መሳቢያ ምንም አይሰጥ።

ጎጆውን እንደ ወጣትነቱ መተውም ስህተት ነው። መሰላሉንና ፎቁን አንሱ፣ ቢወድቅ አጥንቱ ይሰበራል። ጠርሙሱን ዝቅ አድርጉለት፣ አንገቱን ማቅናት ካቃተው ጠፍጣፋ የውሃ ሳህን ጨምሩ። መንኮራኩሩ ግን ይቆይ፣ መሮጥ ይወዳል፤ ጀርባው እንዳይታጠፍ ለትልቁ ዓይነት ስፋቱ ወደ 28 ሴንቲሜትር ይሁን፣ መርገጫውም ክፍተት አይኑረው። ዓይኑ ላይ ሞራ ከወጣ ብዙም አትዘኑለት፣ ድሮም የሚኖረው በአፍንጫው ነው፤ ዕቃውን አታዘዋውሩበት እንጂ። ሽታው የሚከነክን የጥድ ሰጋቱራ ሳንባውን ይጎዳል፣ የወረቀት ምንጣፍ ይሻላል።

ማጠብ የለም። እነዚህ እንስሳት የደረቅ አገር ልጆች ናቸው። ዛሬ በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ የሶርያ ሃምስተሮች በ1930 ከሐለብ አቅራቢያ ተቆፍራ ከነልጆቿ ከወጣች አንዲት እናት የመጡ ናቸው፤ ገላቸውን የሚያጸዱት በአሸዋ ነው። በውሃ ከታጠበ ይበርደዋል፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ላይነሣ ይችላል።

ብርድን ካነሣን አይቀር፣ ቀዝቅዞ ስላገኛችሁት ብቻ ሞቷል ብላችሁ አትቅበሩት። ክረምት ላይ ለጉዞ ስትወጡ ማሞቂያውን ዝቅ ካደረጋችሁት ሃምስተር ሰውነቱን አቀዝቅዞ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ትንፋሹ በጣም ስለሚዘገይ የሞተ ነው የሚመስለው። ጢሙን ልብ ብላችሁ እዩ፣ ይንቀጠቀጣል። ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁት፣ ሲነቃ ውሃ ስጡት፣ ከዚያ ለሐኪም ደውሉ። ክፍሉ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም።

ሐኪሙን ግን አሁን ፈልጉ፣ ሳይታመም። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቹ የእንስሳት ክሊኒኮች ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚያዩት። እኛ ዝናብ እየዘነበ ከነጎጆው ተሸክመነው ሄደን ከበር ተመልሰናል። ደውላችሁ «ሃምስተር የሚያይ ሐኪም አላችሁ? ማታስ?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።