አዋሽ ፓርክ ለእንስሳ የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት

ብዙ ሰው አዋሽ ፓርክ ደርሶ «ምንም እንስሳ የለም» እያለ ይመለሳል። ቁርሱን አዲስ አበባ በልቶ በቀትር የሚገባ ሰው ታዲያ ምን ሊያይ ኖሯል? በዚያ ሐሩር እንስሳው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ገብቷል።

ስለዚህ ከዋዜማው ውጡ። መንገዱ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ፣ ከዚያ በወለንጪቲ አድርጋችሁ መተሃራ ወይም አዋሽ ሰባት ትደርሱና እዚያው ታድራላችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይሻላል። ሳሩ ስለሚደርቅ እንስሳው አይሸሸግም፣ ሙቀቱም ይቻላል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ደውላችሁ ሁኔታውን ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. ፓርኩ አጠገብ ባለው ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬት እየተንቀጠቀጠ ነዋሪው ቤቱን እስከ መልቀቅ ደርሶ ነበር።

ውሃ በብዛት፣ ኮፍያ፣ ባይኖኩላርና መታወቂያ ያዙ። ስኮርታ ጎማውንም ፈትሹ፣ የግራር እሾህ ቀልድ አያውቅም።

ንጋት ላይ በሩ ጋ ተገኙ። ክፈሉ፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ያዙ፣ በቀጥታ ወደ ኢላላ ሳላ ሜዳ። እዚህ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሙዚቃ አጥፉ። ሳላ (ባለ ረጅም ቀንዱ ኦሪክስ) መኪና ሲያይ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያፈጣል፤ ከቀረባችሁት ትንሽ ይሮጥና ቆሞ ዞሮ ያያችኋል፣ ያኔ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁት እንጂ አትከተሉት። ቀንድ ወንዱም ሴቷም አላቸው። በጎን ሲቆሙ ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። ቁጥቋጦው ዳር ደግሞ እንሹን (ትንሿን ዲክዲክ) ፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገኙት። አንበሳ እንዳትጠብቁ፣ ቢገኝ እሰየው።

ፀሐይ ሲበረታ ወደ አዋሽ ፏፏቴ ውረዱ። ወንዙ ዳር ግንድ የመሰላችሁን ነገር ሁሉ በባይኖኩላር እዩት፣ አዞ ሊሆን ይችላል። ውሃው አጠገብ አትቀመጡ። ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ እዚህ ግማሽ ቀን አይበቃም፣ በፓርኩ ከ450 በላይ ዝርያ ተመዝግቧል።

በሰሜን በኩል ዘምባባ የከበበው ፍል ውሃ አለ፤ ፎር ዊል ድራይቭ ከሌላችሁ ተዉት። በመንገድ የምታገኟቸውን አርብቶ አደሮች ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

ስትመለሱ እንዳይመሽባችሁ። አስፋልቱን ግመልና ከብት ያቋርጠዋል፣ የጂቡቲው ቦቴና ተሳቢም አይጣል ነው።