የፕሮሞ ትሬለራችሁን ለሙያ ጓደኞቻችሁ ስታሳዩ

የሰርግ ቪዲዮ ለምንሠራ ሰዎች ዋናዋ ማስታወቂያችን አጭር ትሬለር ናት። ሊጋቡ ያሰቡ ጥንዶች የማያውቁትን ሰው የሰርግ ፊልም ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አያዩም። ስልካቸው ላይ ትሬለሯን ያያሉ፤ ከዚያ ወይ ይደውላሉ ወይ ያልፋሉ። ለዚህ ነው ፕሮሞዬን ከመልቀቄ በፊት ሁልጊዜ ሥራውን ለሚያውቁ ሰዎች የማሳየው። ችግሩ፣ «እስቲ እየው» ብላችሁ ብቻ ከላካችሁ የሚመለስላችሁ «አሪፍ ነው፣ በርቺ» ነው። ደስ ይላል፤ ግን የትኛውን ሾት እንደምትቆርጡ አይነግራችሁም። የሚጠቅም መልስ ማግኘት የጠያቂው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማንም ከመላካችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ይህ ትሬለር ማን እንዲደውል ነው? ምን ተሰምቶት ነው የሚደውለው? የእኔ ለምሳሌ «ካሜራ የሚያፍሩ ሰዎች ከእኔ ጋር ዘና ማለት እንደሚችሉ ይሰማቸው» የሚል ነው። ይህን ሳትጽፉ አስተያየት ከጠየቃችሁ የሁሉም ሰው ሐሳብ ትክክል ይመስላችኋል። አንዱ ፍጠኝ ይላችኋል፣ ሌላው ረጋ በይ፤ ሁለቱንም ለማስደሰት ስትሉ ቪዲዮው የማንም ሳይሆን ይቀራል።

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚቀላቀል ነገር አለ። ለጥንዶቹ የሚሰጠው የሰርጋቸው ትሬለርና የእናንተ ፕሮሞ አንድ አይደሉም። በእነሱ ትሬለር ውስጥ አክስትየው መታየት አለባቸው፤ ባይታዩ ቅር ይላቸዋል። በፕሮሞው ላይ ግን አክስትየውን የሚያውቃቸው የለም። ተመልካቹ የማያውቃቸውን ሰዎች ሲያይ የሚፈልገው ራሱን በእነሱ ቦታ ማስቀመጥ ነው። አዳራሹን፣ አበባውንና መኪናውን ደርድራችሁ ብታሳዩት የደጋሾቹን አቅም ያደንቃል እንጂ የእናንተን ዓይን አያይም። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቀለበት የምታጠልቅ ሙሽራ ግን ለማንም ትገባለች። ጓደኞቻችሁ ትሬለሩን ሲያዩ የትኛውን ዓይነት እንደሚያዩ ንገሯቸው።

ጊዜው መቼ ነው? ከቱ (ሾቶቹን ቆርጦ መገጣጠሙ) ካለቀ፣ ሙዚቃና ንግግሩ ከገባ በኋላ፣ ከለር ግሬዲንግ (የቀለም ማስተካከሉ ሥራ) ከመጀመራችሁ በፊት። ግሬዲንጉን ጨርሳችሁ ካሳያችሁ ለሚወጣ ሾት ጭምር ደክማችኋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልባችሁ «አልቋል» ብሏል፤ ያለቀ ነገር ላይ የሚሰጥ አስተያየት እንደ ስድብ ይሰማል። በሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ምስሉን ሆን ብሎ በሚያደበዝዘው አቀራረጽ) ከቀረጻችሁ ግን ግራጫውን ምስል እንዳለ አትላኩ። ወደ ሬክ 709፣ ማለትም ወደ ተለመደው የስክሪን ቀለም፣ የሚቀይረውን ላት (ቀለም ቀያሪ ፋይል) ጣሉበት፤ አለዚያ ሰዎች ስለ ቀለሙ ብቻ ያወራሉ።

የሙዚቃውን ፈቃድ ግን ከአስተያየት በፊት ጨርሱ። ከቱ የሚሄደው በሙዚቃው ነው። በኋላ ፈቃድ የለውም ተብሎ ዘፈን ከቀየራችሁ ሪትሙ በሙሉ ይቀየራል፣ የሰበሰባችሁት አስተያየትም ለሌላ ቪዲዮ የተሰጠ ይሆናል። የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ሥርዓት ከ2007 ጀምሮ የተመዘገቡ ዘፈኖችን በራሱ ይለያል፤ «ማን ያውቅብኛል» የሚባል ነገር የለም። የጥንዶቹ ፈቃድም እንዲሁ ነው። ቪዲዮውን ለቤተሰብ መስጠትና ለማስታወቂያ መጠቀም የተለያየ ነው። በጽሑፍ ጠይቋቸው። እሺ እስኪሉ ድረስ ለሙያ ጓደኛም ቢሆን አትላኩ።

ለማን ታሳያላችሁ

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ይበቃል። ከእናንተ የሚበልጥ አንድ፣ እኩያችሁ የሆነ አንድ፣ ቪዲዮ የሚሠራ ግን ሰርግ የማይሠራ አንድ። ይህ ሦስተኛው ሰው በጣም ይጠቅማል። ዶክመንተሪ ወይም ዜና ኤዲት የሚያደርግ ሰው የእኛን ልማድ አያውቅም፤ እኛ አይተን የለመድነውን የቀሚስና የጫማ ሾት «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ከተቻለ ደግሞ ከሙያው ውጭ የሆነ፣ ለማግባት የሚዘጋጅ አንድ ሰው ጨምሩ። ቪዲዮግራፈር የጊምባሉን (የካሜራ ማረጋጊያውን) መንቀጥቀጥ ያያል። የሚያገባ ሰው ደግሞ ሰዎቹ በካሜራው ፊት ምቾት እንዳላቸውና እንደሌላቸው ያያል። ቪዲዮው ውስጥ ያሉትን ጥንዶች ግን ለዚህ ሥራ አትጠይቁ፤ እነሱ የሚያዩት ያንን ቀን ነው፣ ያውም ትክክል ነው።

አላላክ ላይ አልቆይም። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ አድርጋችሁ ከላካችሁ ይጨመቃል፤ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። ወይም ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው አድርጋችሁ ጫኑ። ፍሬም ዶት አዮን የመሰለ መሣሪያ ካላችሁ አስተያየቱ ፍሬሙ ላይ ይለጠፋል። ከሌላችሁ ታይምኮዱን (ሰከንዱን የሚቆጥረውን ቁጥር) ምስሉ ላይ አትማችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ፕሪሚየርም የሚባሉት የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። ያኔ «መሀል ላይ የሆነ ቦታ ይጎረብጣል» የሚለው መልስ «0:23 ላይ ይጎረብጣል» ይሆናል።

መልእክቱን እንዲህ ጻፉት

ለአንድ እኩያዬ የምልከው ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? አዲስ ፕሮሞ እየሠራሁ ነው፣ 58 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ስልክህ ላይ ሳታቆም አንዴ እየው። ከዚያ ወደኋላ ሳትመለስ ሦስት ነገር ጻፍልኝ። ምን ትዝ አለህ? የቱ ጋ ሐሳብህ ሄደ? ይህን የሠራው ሰው ምን ዓይነት ሰው ይመስልሃል? ጊዜ ካለህ ሁለተኛ በሄድፎን እየውና ቴክኒኩን ሰከንዱን እየጠቀስክ ንገረኝ። ቀለሙ ገና ነው፣ እሱን ተወው። እስከ ሐሙስ ብትመልስልኝ ይደርሳል። አመሰግናለሁ!»

ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አልጨምርም። የመጀመሪያ እይታ አንዴ ብቻ ነው የሚገኘው። «ድሮኑ ላይ ነፋስ ነበረ፣ የአባትየውን ድምፅ ማይኩ አልያዘውም ነበር» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጓደኛችሁ የሚያየው ሰበባችሁን ነው። ደንበኛው ሲያይ አጠገቡ ሆናችሁ አታስረዱትም።

አብራችሁ ተቀምጣችሁ የምታሳዩ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን ተዉት፤ ሰውየውን እዩ። አውራ ጣቱ ወደ ስልኩ ጠርዝ የሚሄደው የቱ ጋ ነው? ዓይኑ ሰዓቱን ለማየት ወደ ላይኛው ጥግ ሸርተት የሚለው ስንተኛው ሰከንድ ላይ ነው? ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመጣው ሙሽራው ሲስቅ ነው ወይስ ትንሽ ዘግይቶ? እኔ ወረቀት ይዤ ሰከንዱን ብቻ እጽፋለሁ። ሰው በአፉ «ቆንጆ ነው» እያለ 0:31 ላይ ጣቱ ሲንቀሳቀስ፣ የማምነው ጣቱን ነው።

ውይይቱ ላይ ሊዝ ለርማን የተባለችው አሜሪካዊት ኮሪዮግራፈር (የዳንስ ቀማሪ) በ1990 የጀመረችው አካሄድ በጣም ረድቶኛል። አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተመልካቾቹ ምን እንደነካቸው ወይም እንደቀረባቸው ይናገራሉ። ቀጥሎ ሠሪው ይጠይቃል። ከዚያ ተመልካቾቹ ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ «ስለ ሙዚቃው አስተያየት አለኝ፣ ልንገርሽ?» ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ሐሳብ መስጠት ይቻላል። ሦስተኛው ደረጃ ነው የሚከብደው። «ስሎው ሞሽን ለምን አበዛሽ?» ጥያቄ ይመስላል እንጂ ፍርድ ነው። «ስሎው ሞሽኑ ላይ ምን እንዲሰማን ፈልገሽ ነው?» ሲባል ግን ሠሪው ያስባል። አንዳንዴ መልስ ሲያጣ ሾቱን ራሱ ያወጣዋል።

በሁለተኛው እይታ ምን ይፈለግ

ድምፁን አስቀድሙ። ከጓደኞቻችሁ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያዳምጥ ጠይቁት። ቃል ኪዳኑ ሲነበብ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል? ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል ወይስ ይሻማዋል? በስቱዲዮ ስፒከር ያማረው ባስ ስልክ ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ሪትሙን የያዘው ባሱ ብቻ ከሆነ ስልክ ላይ ቪዲዮው ባዶ ይሆናል። ዩቲዩብ ከ-14 ላፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ በላይ የጮኸውን ይቀንሰዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርግላችሁም። ስለዚህ ድምፁን ማስጮህ ምንም አያተርፍም። ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ የሚገባበትን ቦታም ጠይቁ። የእናትየው ሳቅ ከፊታቸው ትንሽ ቀድሞ ሲሰማ ተመልካቹ «ማነው?» ብሎ ይጠብቃል። ያ መጠበቅ በየትኛውም ትራንዚሽን አይመጣም።

ምስሉ ላይ የሙያ ጓደኛ ቶሎ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። ነጩ ቀሚስ ዝርዝሩ ተቃጥሏል? ጥቁሩ ሱፍ ውስጥ እጥፋቱ ይታያል? ስሎው ሞሽኑ ይቆራረጣል? በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸን ምስል በግማሽ ብታዘገዩት የሚያስፈልገው ፍሬም የለም፤ በ50 ወይም በ60 የተቀረጸው ግን ይሄዳል። እነዚህ መልሳቸው ግልጽ ስለሆነ ብዙ ክርክር አያስፈልጋቸውም።

የሚመዝነው ሌላው ነው። ታዋቂው ኤዲተር ዋልተር መርች ጥሩ ከት ስለሚባለው ሲናገር ስድስት መስፈርት አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጥቷል። ስሜት 51 በመቶ፣ ታሪክ 23፣ ሪትም 10 ነው። የቦታና የእንቅስቃሴ መገጣጠም 4 በመቶ ላይ ይመጣል። አስተያየቶቹን ስደረድር ይህን አስታውሳለሁ። «የሚዜው እጅ ከሾት ሾት ቦታ ቀይሯል» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ከቱ ግን ልብ የሚነካ ከሆነ አልነካውም።

አስተያየቱ ሲመጣ

ወዲያው መልስ አትስጡ። «አመሰግናለሁ፣ አየዋለሁ» በሉና እደሩበት። በማግስቱ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ በሰከንድ ቅደም ተከተል ጻፉ። ማን እንዳለው ሳይሆን የቱ ጋ እንዳለው ነው የምትፈልጉት።

አንድ ወዳጃችን ትሬለሩን ልኮልን የሆነውን ልንገራችሁ። ቪዲዮው በረጅም የድሮን ሾት ይጀምራል። አንዱ «መግቢያው ረዝሟል» አለው። ሌላዋ «ሙዚቃው ከባድ ነው፣ ለስለስ ያለ ፈልግ» አለችው። ሦስተኛው «ድሮኑን አውጣው» አለ። ሦስት የተለያየ መፍትሔ ነው፤ ሰከንዱን ስታዩ ግን ሦስቱም የሚያወሩት ስለ መጀመሪያዎቹ 9 ሰከንዶች ነው። በእነዚያ 9 ሰከንዶች ውስጥ የሰው ፊት አልነበረም። እሱ ሙዚቃውንም ድሮኑንም አልጣለም። ሙሽራዋ መስተዋት ፊት ቆማ እህቷን «ልቤ ሊወጣ ነው!» ስትል የተቀረጸችውን 2 ሰከንድ መጀመሪያ ላይ አስገባ፤ ድሮኑ ከእሷ በኋላ መጣ። እንደገና ሲልከው ስለ ሙዚቃው ያነሳ የለም። ሰው የሚያመው ቦታ የቱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ በትክክል ይነግራችኋል። መድኃኒቱን ግን እናንተ ፈልጉ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ ያንን ቦታ ክፈቱ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ማን እንደሆነ እዩ። ለማግባት የምትዘጋጀዋ ልጅ «ሙሽራዋ የተጨነቀች ትመስላለች» ካለች፣ ሌላ ማንም ባይለውም እኔ ሾቱን አወጣዋለሁ። «እኔ ብሆን ፈጠን አደርገው ነበር» የሚለው ግን ጣዕም ነው፤ አመስግናችሁ እለፉት። የአኒሜሽን ፊልም በሚሠራው ፒክሳር ውስጥ ብሬይንትረስት የሚባለው የዳይሬክተሮች ስብስብ በግልጽ ይተቻል፣ ዳይሬክተሩ ግን የተባለውን የመፈጸም ግዴታ የለበትም። ለእናንተም ይሠራል። የድሮውን ቨርዥን ግን አታጥፉ፤ አዲሱን በሌላ ቁጥር አስቀምጡት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የምታዩበት ቀን ይመጣል።

ያስተካከላችሁትን ከዚህ በፊት ላላየ አንድ ሰው አሳዩ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አሁን ቪዲዮውን በቃላቸው ይዘውታል፤ «ተሻሽሏል» ይሏችኋል፣ ግን ከበፊቱ ጋር እያወዳደሩ ነው። ለእነሱ የመጨረሻውን ላኩና የረዱበትን ሰከንድ ጠቅሳችሁ አመስግኗቸው። «0:14 ላይ ያልከኝን ሠርቻለሁ፣ እየው» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠየቅ ጊዜ ወስዶ ያያል። የእነሱ ትሬለር ሲመጣም እንዲሁ አድርጉ። ሁለቴ እዩ፣ ሰከንዱን ጥቀሱ፣ የእናንተን ስታይል አትጫኑባቸው።

ልትለቁት ስትሉ አንድ ነገር ይቀራል፤ የሽፋን ምስሉ። ከቪዲዮው ሁለት ፍሬም ምረጡ፣ በስልክ እንደሚታየው አሳንሳችሁ ለጓደኞቻችሁ ላኩና «የቱን ትነካለህ?» በሏቸው። ይህኛው ጥያቄ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ቶሎ የመጣውን መልስ ውሰዱ።