ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ሬዲዮ ሲሰማ፦ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ወሬ ሲነሳ አንድ ትዕይንት አይቀርም። ማዳመጫውን ያጠለቀ ወጣት፣ አራት ሞተር ያጓራል፣ በጆሮው ሙዚቃ ይንቆረቆራል። ነገሩ ውሸት አይደለም። ስንተርከው ግን እንሳሳታለን።

ሙዚቃውን መዝናኛ ብቻ ማድረግ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለዲሴምበር 7 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) አጥቢያ በሃዋይ የሆኖሉሉ ከተማው ኬጂኤምቢ ሬዲዮ ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ሲያሰማ አደረ። እንዲያድር የፈለገው የአሜሪካ ጦር ነው። ከካሊፎርኒያ የተነሱ 12 ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሬዲዮ ኮምፓስ (የሬዲዮ ሞገድ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ በሚያሳይ መሣሪያ) ጣቢያውን ተከትለው ሃዋይን እንዲያገኙ ታስቦ ነበር። የጃፓኑ የመጀመሪያ ዙር ጥቃት መሪ ሚትሱኦ ፉቺዳም አንቴናውን ወደዚያው ጣቢያ አዞረ። ሙዚቃውን ይዞ ሃዋይ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር ደረሰ። ቢ-17ዎቹ ሲመጡ ድብደባው መሃል ገቡ።

አሠራሩ ሩቅ አይደለም። ትንሿን የቤት ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርጋችሁ ዞር ዞር አድርጓት። ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። በቃ፣ ሬዲዮ ኮምፓስም በመሠረቱ ይህንኑ ነው የሚሠራው።

ሁሉም ሬዲዮ ሁሉንም ጣቢያ ይይዛል ማለት። የቢ-17 ሬዲዮ ኦፕሬተር ፊት የነበረው ቢሲ-348 የተባለ መቀበያ ሬዲዮ ከ200 እስከ 500 ኪሎኸርዝ ይይዝና ዘሎ ከ1.5 እስከ 18 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። የተዘለለው ቦታ አብዛኞቹ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች የሚገኙበት ነው! በአጭር ሞገድ የሚመጣውን መስማት ይችላል። የከተማ ጣቢያ ካማረው ግን ወደ ሬዲዮ ኮምፓሱ መሄድ አለበት። እያንዳንዱ ሰው አጠገብ ማዳመጫው የሚሰካባት ሳጥን አለች፤ ባለ አምስት ምርጫ ማዞሪያ አላት። ወደ ኮምፓስ ያዞረ ሰው የጓዶቹን ንግግር አይሰማም። ለዚህም ነው ከአምስቱ አንዷ ምርጫ ሁሉንም አቋርጣ የምትጣራ ሆና የተሠራችው። ተኳሹ ዘፈን ላይ እያለ ተዋጊ አውሮፕላን ቢመጣስ?

«የሬዲዮ ዝምታ» ሲባል ሬዲዮው የተዘጋ መምሰል። የተከለከለው ማስተላለፍ ነው እንጂ መስማት አይደለም። እንዲያውም የእንግሊዙ ቦምብ ጣይ የላንካስተር ሬዲዮ ኦፕሬተር ከመሬት የሚላከውን መልእክት በየግማሽ ሰዓቱ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት።

ጣቢያዎቹ እንደ ሰላም ጊዜ ይሠሩ ነበር ብሎ ማሰብ። የፐርል ሃርበሩ ዓይነት ነገር አውሮፓ ውስጥ አስቀድሞ ይፈራ ነበር። ቢቢሲ ብዙ ማሰራጫዎችን በአንድ ሞገድ አንድ ላይ ያስኬድ ነበር፤ የጀርመን አብራሪ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንዳይለይ። ጀርመኖች ደግሞ ቦምብ ጣይ ሲቀርብ ጣቢያ ይዘጉ ነበር። የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ለሌሊት ተዋጊዎቻቸው አቅጣጫ በሙዚቃ የሚናገሩበት ጊዜም ነበር። ዋልትዝ ከተሰማ ሙኒክ፣ ጃዝ ከተሰማ በርሊን። ሂትለር የሚጠላው ጃዝ!

ከአውሮፕላን የተላለፈ ዘገባ ሁሉ ቀጥታ ነበር ማለት። አሜሪካዊው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ኤድዋርድ መሮው በዲሴምበር 1943 በላንካስተር በርሊን ላይ በረረ። ዘገባውን ያቀረበው ግን ለንደን ከተመለሰ በኋላ ነው። ከእርሱ ሦስት ወር ቀድሞ የበረረው የቢቢሲው ዊንፎርድ ቮን ቶማስም ድምፁን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ሸክላ ላይ አስቀርጾ ነው ይዞ የተመለሰው።