ቅርሱ ስካን ተደርጓል፤ የመብት መግለጫው ግን ተሳስቷል

ምልክት፦ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብራና መጽሐፍ ምስል ሥር «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍና የፕሮጀክቱ ስም ሰፍሯል።

መንስኤ፦ ድካምና መብት ተምታተዋል። ብራና ገጽ በገጽ ማንሣት ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ግን ወጥ ሥራን፣ ማለትም ከሠሪው የራሱ ፈጠራ የመነጨውን ነው፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ቁም ጸሐፊው ካረፈ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

መፍትሄ፦ ገደብ ከሌለ፣ ነጻ የአጠቃቀም ፈቃዶችን የሚያዘጋጀው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ያወጣውን «የሕዝብ ሀብት» (የቅጂ መብት የሌለበት) ምልክት አኑሩ። ገዳሙ «ለንግድ እንዳይውል» ብሎ በውል ፈቅዶ ከሆነ ግን፣ ዩሮፒያና (የአውሮፓ የዲጂታል ቅርስ መድረክ) እና የአሜሪካ ዲጂታል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጓቸው የመብት መግለጫዎች መካከል «የቅጂ መብት የለም፤ የውል ገደብ አለ» የሚለውን ምረጡ። የገደቡ ቃል ከምስሉ ጋር ይቀመጥ፤ አንባቢ ያላየውን ውል ሊያከብር አይችልም።

ክታብ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የባለቤቱ የክርስትና ስም ተጽፎበታል፤ በአንገቱ ያሰረውም ዓለም እንዲያነበው አልነበረም። የቅጂ መብት ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም። እኔ ሳልጠይቅ አልለጥፍም። ነባር ማኅበረሰቦች በቅርሳቸው ላይ ያላቸውን መብት የሚደግፈው ሎካል ኮንቴክስትስ የተባለ ድርጅት ያዘጋጃቸው መለያዎች ለዚህ ይረዳሉ፤ ቃሉን የሚወስነው ግን ማኅበረሰቡ ራሱ እንጂ ተቋሙ አይደለም።

ምልክት፦ ሦስት ሺህ ፎቶግራፍ በሙሉ «የቅጂ መብቱ አልታወቀም» ተብሏል።

መንስኤ፦ «አልመረመርንም» እና «መርምረን መወሰን አቃተን» አንድ ተደርገዋል። የመጀመሪያው ገና የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የተደከመበት መልስ ነው።

መፍትሄ፦ ሁለቱን ለዩ። ለፎቶግራፍ አዋጁ የሰጠው ዘመን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ከጀርባው ላይ ያለው ቀንና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብቻ ብዙውን ይፈታል፤ ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ምስሉ ውጭ አገር ከተነሣ የዚያን አገር ሕግ ተመልከቱ።

ምልክት፦ ቤተሰብ በስጦታ የሰጠው የዘፈን ክር (ቴፕ) በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቅቋል።

መንስኤ፦ ክሩን መያዝ መብቱን እንደመያዝ ተቆጥሯል።

መፍትሄ፦ ፈቃዱን አንሡ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ባለመብቱ ብቻ ነው። የግጥም፣ የዜማ፣ የድምፃዊና የአሳታሚ መብት ለየብቻ ነው። ባለመብቶቹ ተፈልገው ካልተገኙ «በቅጂ መብት የተጠበቀ፤ ባለመብቱ ያልተገኘ» በሉ። ማንን፣ መቼ፣ የት እንደጠየቃችሁም በሜታዳታው (ከቅጂው ጋር በሚቀመጠው ገላጭ መረጃ) ጻፉ፤ ነገ አንድ የልጅ ልጅ ብቅ ሊል ይችላል።