ሰን ኮራላችሁ አልከፈት ካለ

ብርቱካናማውን ሰን ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው) አኳሪየማችሁ ውስጥ ያስገባችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስሙ የፀሐይ ይሁን እንጂ ከብርሃን የሚያገኘው ምግብ የለም። በየቤቱ የምናያቸው አብዛኞቹ ኮራሎች ሰውነታቸው ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠራ ጥቃቅን አልጌ ስላላቸው መብራቱ ይመግባቸዋል። ይሄኛው ግን የለውም። ካላጎረሳችሁት ቀስ በቀስ ከስቶ ይሞታል፤ በጣም ያሳዝናል።

ችግሩ ቀን ቀን ጥርቅም ብሎ መዘጋቱ ነው። እኔ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ በረዶው የሟሟለት ማይሲስ ሽሪምፕ (ለዓሣ ምግብነት የሚሸጥ ትንሽዬ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት) ያለበትን ውሃ ጥቂት ጠብታ ከላዩ እለቅበታለሁ። የምግቡ ጠረን ይቀሰቅሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ልክ እንደ አደይ አበባ ፍክት ይላል። ያኔ የሞገድ ፓምፑን አጠፋና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጣቶቹ መሐል ላለው ለእያንዳንዱ አፍ አንድ ሁለት ሽሪምፕ አስጠጋለሁ። ጣቶቹ ይዘው ወደ ውስጥ ሲስቡት በዓይን ይታያል። አንዱን አብልታችሁ ሌላውን አትዝለሉ።

ዓሦቹ እየቀሙ ካስቸገሩ፣ ቂጡ የተቆረጠ ንጹሕ የውሃ ፕላስቲክ ድፉበት። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል። አዲስ የገባ ከሆነ ለቀናት እምቢ ሊል ይችላል፤ በየማታው በዚያው ሰዓት ሞክሩ።

ከ15 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን መልሱ፣ እንዳትረሱት አላርም ሙሉ። የተረፈውን በሲሪንጁ ምጠጡት፤ እዚያው ከበሰበሰ የውሃውን ናይትሬት (ከብስባሽ የሚመጣ ቆሻሻ) ከፍ ያደርገዋል።