ቆዳ ስታዩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ነርሶች ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት በዓይን ብቻ ከማየት ነው።

ቅላት መጠበቅ። የተማርንባቸው መጻሕፍት ሥዕል በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን የተቆጣ ቦታ ወይን ጠጅ፣ አመድማ ወይም ከዙሪያው የጠቆረ ሊመስል ይችላል። የአልጋ ቁስል ሲጀምርም እንደዚሁ ነው። ተረከዙንና ዳሌውን ዳስሱ። ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል? ያመዋል?

ነጣ ያለውን ሁሉ ቋቁቻ ማለት። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፤ ሥጋ ደዌም በነጣ ምልክት ሊጀምር ይችላልና። ምርመራው ከጥጥ በላይ አይጠይቅም። የጥጡን ጫፍ አሹሉ። መጀመሪያ ታካሚው ዓይኑን ገልጦ እያየ ደህናውን ቆዳ ንኩት፤ ምን እንደምትፈልጉ ይገባዋል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን፤ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያችሁ። ንኩት እንጂ አትጥረጉት። ምልክቱ ላይ ስትደርሱ ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው። ከክርኑ ጀርባ በውስጥ በኩል የሚያልፈውን ነርቭም በሁለቱም እጅ ዳስሱ፤ ወፍሮ እንደሆነ እዩ። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ነው፤ እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። የቆየ የነርቭ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

የተቀባውን አለመጠየቅ። ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ጠበሉንም፣ ቅጠሉንም፣ የጎረቤት ቅባቱንም ሞክሮ ነው። ጭርት ላይ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ ቅባት) ከተቀባ ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። እናንተም ሌላ በሽታ ይመስላችኋል። በቁጣ ከጠየቃችሁ መልሱ «ምንም» ነው። «እማማ፣ እስካሁን ምን ምን ቀቡት? ቱቦውን ይዘውታል?» ብትሉ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሊያወጡት ይችላሉ።

እከክን በአንድ ሰው መጨረስ። ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶች መሃል የሚወጣ ከሆነ ቤት ያሉት ሁሉ ባያሳክካቸውም በአንድ ቀን ይታከሙ። አለዚያ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

አፍና ዓይን ሳያዩ መሸኘት። ሽፍታ ያለበትን ሰው በቅርቡ የጀመረው መድኃኒት ካለ ጠይቁ። ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል አንዱ ተጠርጣሪ ነው። ከንፈሩ ከተላጠ፣ ዓይኑ ከቀላ፣ ቆዳው ሲነካ ካመመው መድኃኒቱን አስቁሙና ያኔውኑ ሪፈር ጻፉ።