ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ ለማጠጣት አትቸኩሉ

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ወደ ደቡብ ያያል። እዚያ ላይ 31 ሰኩለንቶች፣ ማለትም በወፍራም ቅጠላቸው ውሃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች፣ አሉኝ። አብዛኞቹ እንደ ጽጌረዳ አበባ ክብ ሆነው የሚበቅሉት ኤቼቬሪያ ናቸው። ጥቂት ጄድ፣ ሁለት እሬትና አንድ እንዳሁላም አለኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች በስልክ ፎቶ ይልኩልኛል። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፤ «ቅጠሉ ቀለሙን ቀየረ፣ ምን ላድርገው?»

መልሴም አንድ ነው። ውሃ እንዳታጠጡት። መጀመሪያ በጣታችሁ ንኩት።

ቀለም ብቻውን ያሳስታል። ቢጫ ቅጠል ውሃ በዛብኝም፣ አረጀሁም ሊል ይችላል። የሚለየው ጣት ነው። ቅጠሉ ልስልስ ካለ፣ ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ከመሰለ፣ ገና ስትነኩት ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል። ከታች ያለው ቅጠል ብቻ ደርቆ እንደ ወረቀት ከሆነ ግን ዕድሜው አልቆ ነው። ተክሉ ውሃውን መጥጦ ለአዲሶቹ ቅጠሎች ሰጥቷል። በቀስታ ነቅላችሁ ጣሉት፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅጠሉ ሲጨማደድ ነው። የተጨማደደ ሁሉ የተጠማ ይመስለናል። እኔም በመጀመሪያው ክረምቴ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አንዷ ኤቼቬሪያ ሐምሌ ላይ ተጨማደደች። ታች የሚኖሩት ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩዋትና «ልጄ፣ ይቺ እኮ ጠምቷታል» አሉኝ። አንድ ኩባያ ውሃ አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን ግንዷ ጠቆረ። ከማሰሮው ሳወጣት አፈሩ ጭቃ ሆኖ ነበር፣ ሥሮቿም በስብሰዋል። ሥር ከበሰበሰ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠማል። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ሲጨማደድ የጥርስ እንጨት አፈሩ ውስጥ እስከ ታች እሰካለሁ። ደርቆ ከወጣ አጠጣለሁ። አፈር ይዞ ከወጣ ሥሩን አያለሁ።

ያቺን ኤቼቬሪያ ያተረፍኳት ቆርጬ ነው። ቢላዋውን በአልኮል ጥረጉ። ከጠቆረው በላይ ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት እዩት። አንዲት ቡናማ ነጥብ ካለች እንደገና ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ቢላዋውንም በየመሃሉ ጥረጉት። ዙሪያው ንጹሕ እስኪሆን አትራሩ። እኔ ሦስት ጊዜ ነው የቆረጥኩት፣ የቀረኝም የአውራ ጣት የምታህል አናት ብቻ ነበረች። አናቷን ጥላ ላይ አስቀምጡ፣ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ ያውጣ። በበጋ አምስት ቀን ገደማ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ እኔ እስከ 10 ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጧት፣ ለአንድ ሳምንት ውሃ አትስጧት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ታወጣለች።

አፈሩን ካልቀየራችሁ ግን ነገሩ ተመልሶ ይመጣል። መንገድ ዳር ከችግኝ ሻጮች የምንገዛው ጥቁር አፈር ለጽጌረዳ ጥሩ ነው፣ ለሰኩለንት ግን ውሃ ይይዝበታል። እኔ ለግንባታ የሚውለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሬድ አሽ፣ እጠቀማለሁ። ግንባታ ያለበት ሠፈር ሁሉ የተረፈ አይጠፋም፣ ጠይቄ አንድ ፌስታል እወስዳለሁ። አቧራውን አጥባችሁ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክለውን ብቻ አስቀሩ። ሁለት እጅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ አፈር። ማሰሮው ደግሞ ከታች መበሳት አለበት። ያልተበሳ የሚያምር ሴራሚክ ከገዛችሁ የተበሳውን ማሰሮ ውስጡ አስቀምጡ፣ ስታጠጡ አውጡት። ውሃ ስታጠጡ ከታች እስኪፈስ ነው፣ ከዚያ እስኪደርቅ መተው። ለእኔ በረንዳ ይህ በበጋ በ10 ቀን አንዴ፣ በክረምት በሦስት ሳምንት አንዴ ይሆናል። የእናንተን ግን ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የጥርስ እንጨቱ ይንገራችሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ፀሐይ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፎቶው ይበዛብኛል። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ጠባሳ ወጥቶበታል፣ ጠባሳውም ደረቅ ነው፣ ፀሐይ በምትመታው በኩል ብቻ ነው ያለው። ይህ በሽታ ሳይሆን ቃጠሎ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትበረታለች። ሌላም ነገር አለ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ የእኔ በረንዳ ጥላ ይሆናል። መስከረም ላይ ደመናው ሲገፈፍ ፀሐይዋም ወደ ደቡብ ተመልሳለች። ክረምቱን በጥላ የለሰለሱ ቅጠሎች በአንድ ሳምንት ይቃጠላሉ። ጠባሳው አይድንም፣ ቅጠሉን ግን አትቁረጡት፣ ለሌላው ጥላ ይሆናል። እኔ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ያረጀ ስስ መጋረጃ እሰቅላለሁ። በመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ እጨምራለሁ።

መቅላትን ግን አትፍሩት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ቀኑ ሲጠራ፣ የኤቼቬሪያና የጄድ ጠርዝ ይቀላል። ተክሉ ራሱን ከብርሃን የሚከላከልበት ቀለም ነው፣ ቅጠሉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ እኔ ደስ ብሎኝ አየዋለሁ። እሬት መላ አካሉ ቡናማ ቀይ ከሆነ ትንሽ ጥላ ስጡት፣ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴው ይመለሳል።

ገርጥቶ አንገቱ የተመዘዘ ተክል ብርሃን ፈልጎ ነው። የተመዘዘው አያጥርም፤ አናቱን ቆርጣችሁ ከላይ እንዳልኩት ትከሉት።

ነጭ ነገር ካያችሁ ሁለቱን ለዩ። ቅጠሉን በእኩል የሸፈነ ዱቄት የሚመስል ነገር የራሱ ሰም ነው፣ ከፀሐይ ይጠብቀዋል። አትጥረጉት፣ የተጠረገበት ቦታ ላይ አይመለስም። በቅጠሎቹ መገናኛ ላይ ጥጥ መስሎ የተቋጠረው ግን ተባይ ነው። ተክሉን ወዲያው ከሌሎቹ አርቁት። የጆሮ ጥጥ 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ነክራችሁ አንድ በአንድ አውጡ። ማታ አድርጉት፣ አልኮል ነክቶት ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል። በሳምንት አንዴ እያደረጋችሁ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ድገሙት፣ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉና። ጉንዳን ሲመላለስበት ካያችሁ በደንብ ፈትሹ። ጉንዳን የተባዩን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ይጠብቀዋል። ሥሩም ላይ ሊኖር ይችላል፣ ከማሰሮው አውጥታችሁ እዩ።

ከዚያች ከቆረጥኳት ኤቼቬሪያ ሦስት ግልገል ወጥቷል። አንዱን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ባለፈው እሑድ ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ቢጫ ሆነብኝ፤ ውሃ ግን አልሰጠሁትም።» ወረድኩና ነካሁት። ከታች አንድ ቅጠል ደርቆ ነበር፣ እንደ ወረቀት። ነቅዬ ጣልኩላቸውና ቡናው እስኪፈላ ሌሎቹን ማሰሮዎች አየሁ።